ጆሲን የሚያመጣው ታሪክ

«ምንም አይሰማም እኮ፣ እንውጣ» አለች ሀዲጃ፣ ኤልቤቴልን በክርኗ ጎሸም አድርጋ።

የዲላ ዝናብ ሲመጣ አይለማመጥም። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ቲያትር ከተጀመረ ትንሽ ቆይቶ የአዳራሹን ቆርቆሮ ይቀጠቅጠው ጀመር፤ የሚታየው የተዋናዮቹ አፍ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ኤልቤቴል ግን አልተነሳችም። የመጣችው ጨንቋት እንጂ ለመዝናናት አይደለም። ዓርብ በትምህርት ቤቷ የወላጆች ቀን የምታነበውን ታሪክ የአማርኛ መምህሯ ተክለብርሃን መልሰውባታል። «አማርኛሽ ሸጋ ነው» አሏት፤ «ሰዎችሽ ግን እንደ ሬዲዮ ያወራሉ እንጂ አይኖሩም። ሂጂና ቲያትሩን እዪ።»

ታሪኩ ስለ ወንድሟ ስለ ጆሲ ነበር። ጆሲ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ዓመት አልፎታል፤ ስልኩ መንገድ ላይ እንደተዘጋ ቀረ። እናቷ ግን ለሰፈሩ ሁሉ «ደርሷል፣ ሱቅ ውስጥ ይሠራል» ብላ አውርታለች። አንዴ ካወራች በኋላ መመለሻው ጠፋት። ለቅሶ እንዳይደርሷት ሬሳ የለ፣ እንኳን ደስ ያለሽ እንዳይሏት ልጅ የለ። ኤልቤቴልም በታሪኳ መጨረሻ ጆሲን ሻንጣ አሸክማ፣ በር እያንኳኳ አመጣችው። እናቷ ፊት ሌላ ምን ልታነብ ትችላለች?

መድረኩ ላይ እናት ሆና የምትጫወተው ተማሪ ረጅም ንግግር ነበራት። ጮኸች፤ ዝናቡ ዋጠው። ደግማ ጮኸች፤ ከዚያ ተወችው። ወንበር ላይ የተንጠለጠለውን የልጇን ሸሚዝ አነሳች። አጠፈችው፣ ፈታችው፣ እንደገና አጠፈችው። ሀዲጃም መውጣቱን ረስታ ወደ ፊት ዘንበል አለች።

የኤልቤቴል ዓይን ከሸሚዙ አልተነቀለም። እናቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ማንም ያልለበሰውን የጆሲን ልብስ ታጥባለች። ንጹሑን ልብስ ትፈትጋለች፣ ታሰጣለች፣ መልሳ ቁም ሳጥን ውስጥ ትከታለች። ኤልቤቴል ይህን ስንት ጊዜ አይታ አልፋለች። ታሪኳ ውስጥ ያለችው ግን «ልጄ ናፈቅከኝ» እያለች የምታለቅስ ሌላ ሴት ናት።

ሲመለሱ ባጃጅ ውስጥ የእናቷን እውነት ልትጽፍ ማሰቧን ስትነግራት ሀዲጃ አፈጠጠችባት። «ወላሂ አብደሻል። ሰፈሩ ሁሉ እኮ ይመጣል። እናትሽን ልታዋርጂያቸው ነው? የድሮውን አንብቢና ይለፍ።»

«ውሸት ነው እኮ።»

«ታዲያ? ልቦለድ አይደል እንዴ?»

ሀዲጃም እውነቷን ነው።

ቤት ገብታ ሌላ ጻፈች፤ የመጨረሻውን ገጽ ግን ለመንካት እጇ አልታዘዝላት አለ። በማግስቱ እናቷ ጎመን ስትከትፍ አጠገቧ ቁጭ ብላ አነበበችላት። ልብስ ማጠቡ ላይ ስትደርስ የቢላዋው ድምፅ ቆመ።

«ይሄ እኔ ነኝ» አለች እናቷ።

«አዎ፣ እማ።»

«ጨርሺው እንጂ። ይመጣል?»

ኤልቤቴል ገጹን አየችው። ጆሲ እዚያ በር ያንኳኳል። «አላውቅም» አለች።

በዚያ ቤት ውስጥ ስለ ጆሲ ይህ ቃል ተነግሮ አያውቅም። እናቷ ቢላዋውን አስቀመጠች። «እኔም አላውቅም» አለች ቀስ ብላ፤ ከዚያ ጆሲ ከሄደ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ኤልቤቴልም አንገቷን አቅፋ አብራት አለቀሰች።

እንባው ሲበርድ እናቷ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። ጎመኑን ወደ ራሷ ሳበች።

«ዓርብ ከፊት ነው የምቀመጠው» አለች። «ከኋላ ከሆንኩ ሰው እየዞረ ያየኛል።»

ኤልቤቴል እስክሪብቶዋን አነሳችና በሩ የሚንኳኳበትን ገጽ ከላይ እስከ ታች ሰረዘችው። በምትኩ ምንም አልጻፈችም።