ከውሻውም ወዲያ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው... እኔ ግን ቤቱንም ሰዎቹንም አውቃቸዋለሁ። እውነት ነው።

አቃቂ በሰቃ፣ እሁድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ጨለማ እንዳይመስላችሁ፣ ጠራራ ፀሐይ ነበር።

ጓደኛዬ ሊዲያ ባዮሎጂ ለሁለተኛ ዲግሪ ትማራለች። ወንድሟን ወንድዬን በስደት መንገድ ባሕር በላው ተብሎ ተዝካሩ ወጣ። ከዚያ አንድ ቀን...

በሩን አንኳኩቶ ገባ።

እናቷ እትዬ ድንቅነሽ መሬት ሳሙ። ውሻቸው ቡቺ ግን ድርሽ አላለም። ከቡችላነቱ ያሳደገው እኮ ወንድዬ ነው!

ደግሞ ወንድዬ አይበላም። ምሳ በቀረበ ቁጥር እናቱን ያጎርሳል... እሱ "አላሰኘኝም" ይላል።

ሊዲያ ለጥናቷ ከራሷ፣ ከእናቷ፣ ከተመለሰው ወንድሟና ከቡቺ ምራቅ ወስዳ ዲኤንኤውን ቤተ ሙከራ አስነብባ ነበር። ውጤቱ የፊደል መዓት ነው። ብራውዘር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ውስጥ ለጥፋው ቁልፉን ስትጫን፣ ማን ለማን እንደሚቀርብ ዛፍ ሥሎ ያሳያታል። ለማነጻጸሪያ አንድ ባዳ ያስፈልጋል፤ እሷ የቡቺን አስገባች።

የአንድ እናት ልጆች ከእናታቸው ጋር አንድ ቅርንጫፍ ላይ መውጣት አለባቸው።

ተጫነችው።

እሷና እናቷ አብረው... ቀጥሎ ውሻው...

ወንድዬ ከውሻውም ወዲያ ነው። ብቻውን።

ተሳስቼ ነው ብላ ደጋገመችው። ቅርንጫፉን በማውስ እየጎተተች አየችው። ያው ነው።

ለእናቷ ምን ትበላቸው? ልጃቸውን ሁለተኛ ትቅበርባቸው? ሙያ በልብ ነው ብላ ከእናቷም ከወንድዬም እንደገና ምራቅ ወሰደች።

አዲሱ ውጤት የደረሳት ያን እሁድ ነው። ሳሎን ቁጭ ብላ ተጫነችው።

አሁን ከውሻው ወዲህ ያለችው እሷ ብቻ ናት...

እናቷ ከውሻው ወዲያ፣ ከወንድዬ ጋር ወጥተዋል። አንድ ቅርንጫፍ ላይ።

ስክሪኑን ልትዘጋው እጇን ሰደደች።

ወንድዬ ከኋላዋ ቆሞ ነበር።

"እኔን የት አስቀመጠኝ?" አላት በሹክሹክታ።

"ከእማዬ ጋር።"

"ጎሽ... ነይ ምሳ።"

እናቷ ለቡቺ ሥጋ ዘረጉለት። ወንድዬ ከተሰደደ ወዲህ ከእሳቸው እጅ ብቻ ነበር የሚበላው። አፈግፍጎ ሊዲያ እግር ሥር ተወሸቀ።

እትዬ ድንቅነሽ ሥጋውን ትተው ጉርሻ ጠቀለሉ።

"አፍሽን ክፈቺ፣ የኔ ልጅ..."

ጎረሰች። ለምን እንደጎረሰች አታውቅም።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል" አለ ወንድዬ፣ ሁለተኛውን ይዞ።

ይህን ሁሉ ሊዲያ የነገረችኝ ትናንት እኔ ቤት፣ ምሳ ላይ ነው። ረጋ ብላ አወራችኝ። "ቡቺስ?" ብላት "ጠፋ" አለችኝ። እኔን ሁለት ጊዜ አጎረሰችኝ እንጂ እሷ ከሳህኑ አልነካችም...

እኔም ከትናንት ጀምሮ እህል አላሰኘኝም። ምንም አይሰማኝም።

እህቴ ግን ከሥራ ርቧት ገብታለች። ጠቅልዬ ይዤላታለሁ...