አላገባሁም በለው

ተናኜ የፍኖተ ሰላሙ የመሪጌታ ክንፈሚካኤል ልጅ ነበረች። በ1976 ክረምት ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቡሬ አጠገብ ወዳለ የገበሬ መንደር ተመደበች። ከምታስተምራቸው አሮጊቶች ብዙዎቹ ከአገውኛ በቀር አይሰሙምና፣ ደረሰ የሚባል ወጣት ገበሬ አጠገቧ ቆሞ ይተረጉምላት ጀመር።

መጀመሪያ ያለችውን ብቻ ይተረጉም ነበር። ኋላ ያላለችውንም እየጨመረ አሮጊቶቹን ያስቃቸዋል። ምን እንዳላቸው ስትጠይቀው አንገቱን ይደፋል።

ዘመቻው ሊያበቃ ሲል የፈጣምን ፏፏቴ ሊያሳያት ወሰዳት። ወንዙ ሞልቶ ከገደሉ ሲወረወር ምድሩ ይንቀጠቀጣል። ፍንጣቂው ፊታቸውን እያራሰው ቆመው አዩት። ሲመለሱ፣ ድምፁ ርቆ መነጋገር ሲቻል፣ ሽማግሌ ልላክ ወይ ብሎ ጠየቃት።

«አባቴ ለአንድ ዲያቆን ቃል ሰጥተዋል» አለችው። «ሠርጉ በጥር ነው።»

«አንቺስ?»

እጁን ያዘች፤ እስከ መንደሩ ዳርም አለቀቀችውም።

ሽማግሌዎቹ ፍኖተ ሰላም ደርሰው አፍረው ተመለሱ። መሪጌታ በእግዚአብሔር ፊት የሰጡትን ቃል እንደማያጥፉ ነገሯቸው።

ሠርጉ ሲቃረብ ተናኜ አባቷ እግር ላይ ወደቀች። ድንግል ስላልሆነች ክህነት ለሚቀበል ሰው እንደማትሆን ነገረቻቸው። ውሸቷን ነበር። ደረሰ ከእጇ በቀር የነካው የለም።

መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ከእንግዲህ አባቴ አትበይኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ደጄንም አትርገጪ።»

በማግስቱ ከጭነት መኪና ቡሬ ላይ ወርዳ በእግሯ ወደ መንደሩ ሄደች። የደረሰ እናት እማማ ቻይነሽ ገና ሲያዩዋት አለቀሱ። ልጃቸው የገበሬ ማኅበሩ ለውትድርና በመረጠው ጎረቤቱ ፈንታ እኔ ልሂድ ብሎ ወደ ሰሜን ተጭኗል።

«ልታገባ ነው ብሎ ነው የሄደው» አሉ።

ተናኜ ሌላ መግቢያ አልነበራትም፤ እዚያው ቀረች። ከአሮጊቷ ጋር አረመች፣ አጨደች፣ አገውኛም ለመደች። አንድ ጊዜ በፈቃድ የመጣ ወታደር ወደ ግንባር ሲመለስ፣ «አላገባሁም በለው» ብላ ላከችበት። ይድረሰው አይድረሰው ግን አላወቀችም።

ደርግ ወድቆ የተረፉት ወታደሮች በእግራቸው ሲገቡ፣ የደረሰ መርዶ አብሮ መጣ። ለቅሶ ላይ መንደርተኛው ተናኜን ምን ብሎ እንደሚያጽናናት ጨነቀው፤ እህት አይደለች፣ ሚስት አይደለች። እማማ ቻይነሽ ክንዷን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ምራቴ ናት» አሉ። «ለእሷም አልቅሱላት።»