ጭጭ እና የደረጃው ትዕይንት

ሰውን መውደድ እንዲህ ጨጓራ የሚልጥ ሥራ መሆኑን ቀድሞ የነገረኝ የለም። ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን፣ የፊልም ትምህርት ቤታችን ኮሪደር ላይ ከነካሜራው ገጭቶኝ ስክሪፕቴን መሬት ላይ የበተነብኝ ጊዜ፣ ወረቀቴን ለቃቅሜ መንገዴን እቀጥል ነበር።

ይቅርታ እንኳ አላለኝም። ቁጭ ብሎ አብሮኝ ለቀመ፤ የለቀመውን ግን አይሰጠኝም፣ ያነባል።

«አምጣው እንጂ!» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ሲያይ አይቸኩልም፤ ፊቴን ሙሉ ለሙሉ አንብቦ የጨረሰ እስኪመስለኝ ድረስ አየኝ።

«ይሄን እኔ ልቅረጸው» አለ።

ያቺን የምታህል ዓረፍተ ነገር እንደገና ከአፉ ለመስማት ስንት እንደጠበቅኩ የማውቀው እኔ ነኝ። የክፍላችን ልጆች «ጭጭ» የሚሉት ለካ በከንቱ አይደለም።

እኔ ደግሞ ካላወራሁ የምታመም ሰው ነኝ፤ ጸሐፊ ነኛ! አብረን መሥራት ከጀመርን በኋላ ቀረጻው አምሮ እንደሆነ ስጠይቀው ራሱን ይነቀንቃል። ተቆጥቶ እንደሆነ ስጠይቀው ትከሻውን ይሰብቃል። ብርድ የሆነ ቀን ጃኬቱን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣል ያደርግና ምንም ሳይል ይሄዳል።

«ይሄ ምን ማለት ነው?» ብዬ ታላቅ እህቴን ጠየቅኳት።

«ብርድ ነው ማለት ነዋ» አለችኝ።

እህቴ ጭጭን አትወደውም። «ሰው ከግድግዳ ጋር ፍቅር ይይዘዋል እንዴ?» ትላለች። እኔ ግን ይዞኝ ነበር። ያበሸቀኝም እሱ ነው።

የተጣላነው በደረጃው ትዕይንት ነው። በአጭር ፊልማችን ውስጥ ሴትየዋ ፍቅረኛዋን ትታ ትወጣለች፤ ደረጃው ላይ ስትደርስ ዞር ብላ አንዲት ነገር ትናገራለች። ጭጭ ይህን ከታች ወደ ላይ አድርጎ ቀረጸው። የመስኮቱ ብርሃን ከጀርባዋ ይመጣል፤ ጥላዋ ከእሷ ቀድሞ ደረጃውን እየወረደ እግራችን ሥር ይደርሳል። ሳየው እጄን በአፌ ጫንኩ፤ እንደዚያ የሚያምር ነገር ሠርተን አናውቅም።

«ንግግሯ ይውጣ» አለኝ።

«ምን አልክ?»

«ምስሉ ይበቃል።»

«ለአንተማ ዝም ማለት መቼ አንሶህ ያውቃል!» ጮህኩበት። ያቺን ንግግር ስጽፍና ስሰርዝ፣ ስሰርዝና ስጽፍ እንዴት እንደከረምኩ ያውቃል። «ያቺ ንግግር ከወጣች እኔም ወጣሁ። ሁለተኛ እንዳታናግረኝ!»

ካሜራውን ሸክፎ ሄደ። እውነትም አላናገረኝም።

ይህ ሁሉ የሆነው የሥራ ማስተዋወቂያው ቀን ሲቃረብ ነው። ትምህርት ቤታችን አንድ ልማድ አለው፤ ዓመቱ ሲያልቅ ጥንድ ጥንድ ሆነን ፊልማችንን እናሳያለን፣ መድረክ ላይ ወጥተን እናስተዋውቃለን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የመመረቂያውን ረጅም ፊልም ከማን ጋር እንደምንሠራ በሰው ሁሉ ፊት እንናገራለን። አንዴ ከተናገሩ መመለስ የለም። ዓመት ሙሉ ከዚያ ሰው ጋር መዋል ነው።

እኔን የጠየቀኝ ሌላ የክፍላችን ልጅ ነበር። «ሰዓት አክባሪው» እንለዋለን፤ ስልክ ሲደወልለት ያነሳል፣ ከቀጠሮው ቀድሞ ይገኛል፣ ያሰበውንም ይናገራል።

«ከእኔ ጋር ብትሠሪ ደስ ይለኛል» አለኝ። «ከሥራውም ውጪ አብረሽኝ ብትሆኚ ደስ ይለኛል።»

ጥርት ያለ ነገር! እህቴ ስትሰማ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ይሄ ነው ሰው! አፍ አለው!»

እኔም ወሰንኩ። ከጭጭ ጋር የምለያይበትን ንግግር መስታወት ፊት ቆሜ ሳምንቱን ሙሉ አጠናሁት። ጨዋ፣ ኩሩ፣ ትንሽ ደግሞ የሚያስለቅስ ንግግር ነበር።

ከማስተዋወቂያው በፊት ባለው ቀን ግን እግሬ ወደ ድምፅ ክፍሉ ወሰደኝ። ድምፁን የምታቀናብርልን ልጅ ማዳመጫዋን ከጆሮዋ አነሳች።

«የደረጃው ላይ ንግግር ይውጣ» አልኳት።

«እንዴ! የተጣላችሁበት አይደለም?»

«ከተለያየን ላይቀር ምስሉ እንኳ በሰላም ይታይለት። ለሱ ግን ትንፍሽ እንዳትይ።»

የመሰነባበቻ ስጦታዬ መሆኑ ነው። ከዚያ ወጥቼ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ በማልቀሴም ተናደድኩ።

በማግስቱ አዳራሹ ሞልቷል፤ እህቴም መጥታለች። ድምፁና ምስሉ የተገጣጠሙት ጠዋት በጥድፊያ ስለነበረ አንዳችንም ሙሉውን አላየነውም። መብራት ጠፋ፣ ፊልማችን ጀመረ፣ ደረጃው መጣ።

ያ ጭጭ ከታች የቀረጸው ምስል የለም። ብርሃኑም፣ ጥላውም የለም። የተዋናይዋ ፊት ብቻ ማያውን ሞልቶታል። አፏን ከፈተች፣ ተናገረች፣ ዘጋች። ድምፅ የለም።

«ድምፅ!» ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ። ሳቅ ተከተለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አልጠላሁም።

መድረክ ላይ ወጣን። የዕለቱ እንግዳ የነበሩት አንጋፋ ዳይሬክተር መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ደፋር ነገር ነው» አሉ። «ሴትየዋን ድምፅ የነሳችኋት ለምንድን ነው?»

ማይኩን እንደያዝኩ ወደ ጭጭ ዞርኩ። «ምስሉ የታለ?»

«አወጣሁት» አለ።

«ለምን?»

«ሰው ጥላዋን እያየ ቃልሽን አይሰማም። ቃልሽ ይሰማ ብዬ።» ከዚያ ግራ በተጋባ ፊት አየኝ። «ቃሉስ የታለ?»

«አስወጣሁት።»

«ለምን?»

«ምስልህ ይታይ ብዬ ነዋ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን ደሜ ፈልቷል። «ለምን አትነግረኝም ታዲያ?»

«እንዳታናግረኝ ብለሽኝ ነበር።»

«ከተናገርኩት ሁሉ እሱን ብቻ ነው የሰማኸው?!»

እንግዳው እጃቸውን አነሱ። «ለመሆኑ ምን ነበር ያለችው?»

ማይኩን ወደ አፌ አስጠጋሁ። «ብትጠራኝ እመለስ ነበር» አልኩ። እየጻፍኩ ስሰርዛት የከረምኩት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ሳቁ ቆመ።

መምህራችን ሰዓታቸውን አዩ። «ጊዜያችሁ አልቋል። የመመረቂያው ፊልም ከማን ጋር ነው?»

ሰዓት አክባሪው ፊተኛው ረድፍ ላይ ቀና ብሎ ፈገግ አለልኝ። ጥሩ ሰው ነው፤ አልክድም። ወደ ጭጭ ዞርኩ። አጎንብሶ የማይኩን ኬብል ይጠቀልላል! በዚህ ሰዓት ኬብል! ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ።

«ኬብሉን ተውና እየኝ! የምትለኝ ነገር የለም?»

«ምን ልበል?»

«እሱንም እኔ ልጻፍልህ እንዴ?!»

እንደገና ተሳቀ። እሱ አልሳቀም። ኬብሉን መሬት ላይ አስቀመጠ። ፊቱ ሁሉ ላብ ሆኗል። በዚያ በማይቸኩለው ዓይኑ አየኝ፤ እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብዬ ጠበቅኩት።

«ትናንት ምስሉን ሳወጣ፣» አለ በመጨረሻ፣ «ቢያንስ ቃልሽ ተሰምቶልሽ እንድትሄጂ ብዬ ነበር። ውሸቴን ነው። አትሂጂ። ከእኔ ጋር ሥሪ። ከእኔ ጋር ሁኚ። እወድሻለሁ።»

«ኤዲያ!» አለች እህቴ ከመሃል፣ ዓይኗን እየጠረገች። «እስካሁን የት ነበርክ?»

«መልሱን እየጠበቅን ነው» አሉ መምህራችን።

ሰው ሁሉ አፌን አፌን ያያል። ሳምንት ሙሉ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፤ መግቢያ ያለው፣ መደምደሚያ ያለው። አንድም ቃል ትዝ አላለኝም።

«እሺ» አልኩ።