የሦስት ደቂቃው ፈተና

ሚጢጢ ሦስተኛውን መስመር ሳትጨርስ ስክሪኑ «ጊዜው አልቋል» አላት።

«እንዴ! ገና አሁን ጀመርኩ እኮ!»

«ኮምፒውተር አይዋሽም» አለ የታይፕ መምህሩ ከኋላዋ ቆሞ። «ልምምድ የለ፣ ወሬ ብቻ! ሐሙስ ድጋሚ ትፈተናላችሁ። ያኔም የወደቀ፣ በሚቀጥለው ዓመት የኮምፒውተር ክፍሉን በር አይረግጣትም።»

ደሟ ፈላ። ክረምቱን ሙሉ ጸሐፊ የሆነችው እናቷ ቢሮ እየሄደች፣ ጣቶቿን በፎጣ ሸፍና ሳታይ መጻፍ ስትለማመድ ነው የከረመችው። እናቷ «አንቺ ልጅ እኔንም ልትበልጪኝ ነው» ብላታለች፤ እናቷ ደግሞ ለይሉኝታ ብላ የምታሞግስ ሴት አይደለችም። ታዲያ ይሄ ሰውዬ ምን ቆርጦት ነው ሰነፍ የሚላት? ደግሞ የወደቀችው እሷ ብቻ መች ሆነችና! ክፍሉ በሙሉ ሲወድቅ አንድ ሰው ብቻ አለፈ፤ ሎጋ። የልብ ጓደኛዋ፣ ፊደል በሁለት ጣት የምትለቅመው ሎጋ።

በእረፍት ሰዓት ከክፍሉ ጀርባ ይዛ አፋጠጠቻት። «እውነቱን ንገሪኝ። እንዴት አለፍሽ?»

ሎጋ ግራ ቀኝ ተገላመጠች። «ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። መፈተኛው ከዊንዶውስ በፊት የነበረ የድሮ የዶስ ፕሮግራም ነው አይደል? ሰዓት ብሎ ነገር አያይም። ዝም ብሎ በውስጡ ይቆጥራል፤ ቆጥሮ ሲጨርስ ሦስት ደቂቃ ሞላ ይላል። በድሮዎቹ ቀርፋፋ ኮምፒውተሮች ልክ ነበር። እነዚህ አዲሶቹ ግን እንደ ጉድ ነው የሚቆጥሩት።»

«እና አንቺስ?»

«ዶስን አስመስሎ የሚያሠራው ሶፍትዌር ፍጥነቱ ይቀነሳል። ኮንትሮልን ይዘሽ ኤፍ አሥራ አንድን ደጋግመሽ መጫን ነው። ወንድሜ የድሮ ጌም ሲጫወት አይቼው ነው። እኔማ ከመጠን በላይ አዘገየሁት፣ ሻይ ጠጥቼ እመለስ ነበር!» ብላ ሳቀች።

ሚጢጢ አልሳቀችም። «ሁላችንም ስንሰደብ ቁጭ ብለሽ ሰማሽ?»

«አሁን ነገርኩሽ አይደል? ሐሙስ አንቺም ትጫኛለሽ፣ አለቀ። ከተናገርሽ ግን ውጤቴ ገደል ገባ። ጓደኛሞች ነን ወይስ አይደለንም?»

ሐሙስ ዕለት ሚጢጢ ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አሳርፋ ተቀመጠች። ከጎኗ ያለችው ልጅ የፊደሎቹን ቦታ በለሆሳስ ትሸመድዳለች፤ ምስኪን፣ ጥፋቱ የራሷ መስሏታል። ሚጢጢ ሁለቱን ቁልፎች አየቻቸው። ማንም አያያትም። ግን በላቧ ያገኘችውን ነገር ለምን ትሰርቃለች? የሰረቃትስ ይሄ መሣሪያ አይደለም እንዴ? እጇን አነሣች።

«ቲቸር፣ የእጅ ሰዓትዎን ይያዙልኝ። ሦስት ደቂቃ።»

ከኋላዋ የተቀመጠችው ሎጋ የሚጢጢን ወንበር በእግሯ መታችው።

«ምን ልትሆኚ?» አለ መምህሩ።

«ይያዙልኝ ብቻ።»

ፈተናውን አስጀመረችና እጆቿን አጣምራ ተቀመጠች። አንድም ፊደል አልነካችም። «ጊዜው አልቋል» ሲል መምህሩ ሰዓቱን አየ። አላመነም፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሄዶ ራሱ ሞከረ። እዚያም ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

«ታዲያ ወሬኞቹ እኛ ነን?» አለች ሚጢጢ።

መምህሩ ማጅራቱን አሸት አሸት አደረገ። «እሺ… ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ዛሬ በእጅ ሰዓት እይዛለሁ» አለና ድንገት ቆም አለ። «ግን በዚህ ፍጥነት ሎጋ እንዴት ልትጨርስ ቻለች? ሚጢጢ፣ ጓደኛሽ ናት፤ አንቺ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም» ማለት ቀላል ነበር። ያወቀችውን መዘርገፍም እንደዚያው።

«እዚሁ አለች ቲቸር» አለች ሚጢጢ፣ ወደ ኋላ ሳትዞር። «ራሷን ይጠይቋት።»

ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አድርጋ ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ መለሰች። ከኋላዋ የሎጋ ወንበር ወለሉን እየፋቀ ወደ ኋላ ሲገፋ ሰማች።