ላይኛው ድልድይ

ረውዳ የመጀመሪያዋን እሳት ለማንደድ ስትታገል ክብሪቱን ጨርሳ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ አፍንጫዋ ጥላሸት ለብሶ ነበር። ከጎንደር ወጣ ብሎ ኮሶዬ ላይ ሌሊቱን ሲዘንብበት ያደረ እንጨት እንኳን ለእሷ ለማንም አይታዘዝም። ሌሎቹ ሠልጣኞች የየራሳቸውን እሳት ከበው ይሞቃሉ፤ እሷ ብቻ ተንበርክካ ጭስ ትውጣለች።

«ምነው፣ ከእንጨቱ ጋር ተጣላችሁ?» አላት አሠልጣኙ ኡዘይር አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ።

«ከእንጨቱ ሳይሆን ከክብሪቱ ነው። አባቴ ሱቅ ያለው ይሻላል።»

ኡዘይር አልሳቀም። የደረደረችውን ወፍራም እንጨት ወደ ጎን አደረገና ከአስታ ቁጥቋጦ ሥር ዝናብ ያልነካው ጭራሮ ለቅሞ ተመለሰ።

«በግንድ አይጀመርም» አላት። «መጀመሪያ ይቺን ቀጭኗን። እሷ ስትይዝልሽ ጣት የምታክለውን። ደግሞ አትቸኩዪ፤ ቶሎ ስትጭኚበት ነው የሚታፈነው።»

እሳቱ ያዘ። ረውዳ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ወደደችው። ለራሷ እንኳን ልትክደው ሞክራ ነበር፤ ክህደቱም እንደ መጀመሪያው እሳቷ አልያዘላትም።

ረውዳ የጎንደር አራዳ ገበያ ነጋዴ የሐጂ ሷሊሕ ልጅ ናት። ቱሪዝም ተምራ ተመርቃ የተራራ አስጎብኚ እሆናለሁ ስትል አባቷ ለጥቂት ሳምንት አየር ትቀይር ብለው ነው ወደ ሥልጠናው የለቀቋት። ኡዘይርም የጎንደር ልጅ ነው። ጂኦግራፊ ተምሮ፣ እንግዳ ሲመጣ የሰሜን ተራሮችን እያስጎበኘ፣ እንግዳ ሲጠፋ ወጣቶችን እያሠለጠነ ይኖራል። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ያለ ሥራ ይቀመጣል። ሐጂ ሷሊሕ እንዲህ ያለውን ሰው መንገደኛ ይሉታል፤ መንገደኛን ውሃ ያጠጡታል እንጂ ልጃቸውን አይድሩለትም።

የካርታው ትምህርት ሲመጣ ተከራከሩ።

«ካርታ ላይ ‹ላይ› ማለት ሰሜን ነው» አለ ኡዘይር ወረቀቱን ድንጋይ ላይ ዘርግቶ።

«እንደዚያ ከሆነ አዲ አርቃይ ከደባርቅ ላይ ነው?»

«አዎ፣ ላይ ነው።»

«ይሄን ደባርቅ ሄደህ እንዳትናገር። አዲ አርቃይ እኮ ቆላ ነው። ሰው ወደ አዲ አርቃይ ወረደ እንጂ ወጣ ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ?»

«እግርሽ ይወርዳል። ካርታው ላይ ጣትሽ ይወጣል።»

«እኔ በጣቴ አልሄድማ።»

ያን ቀን ሳቀ። ሲስቅ ሌላ ሰው ነው የሚሆነው። ከዚያ በኋላ ጨዋታቸው ይኸው ሆነ፤ «ድስቱን ከላይ አውርጂልኝ» ሲላት «ከየትኛው ላይ? ካንተ ነው ከእኔ?» ትለዋለች። የቀሩት ሠልጣኞች ነገሩ አይገባቸውም፤ ሁለቱም እንዲገባቸው አልፈለጉም።

ለሥልጠናው መዝጊያ ደባርቅ ሄዱ። እዚያ ሳሉ እናቷ ደወሉ። አንድ ባለሱቅ ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ ሰውየው ጨዋ ነው፤ አባቷ እሁድ መልስ ይሰጣሉ።

ረውዳ ኡዘይርን ሻይ ቤት በረንዳ ላይ አግኝታ ነገረችው።

«አንተስ ምን ትላለህ?»

ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ደጋግሞ አዞረው። «እኔ ምን አለኝና ነው የምለው?»

«ያለህን አልጠየቅኩህም።»

ሐጂ ሷሊሕ ፊት ባዶ እጁን ሲቆም እየታየው እንደሆነ ገባት፤ አዘነችለት፤ ተናደደችበትም።

«እስከ ነገ አስብበት» አለችው። «ነገ ሊማሊሞ ላይ ካርታ ይዘን ለየብቻ እንበተን የለ? ሥራዬን ጨርሼ ላይኛው ድልድይ እጠብቅሃለሁ። ከመጣህ አባቴን ፊት ለፊት እነግረዋለሁ፤ የመጣው ይምጣ። ከቀረህ መልስህ ይገባኛል፤ አልቀየምህም። ብቻ ከዚያ በኋላ አትደውልልኝ፤ እኔም አልደውልም።»

ኡዘይር ቀና አለ። አፉን ሊከፍት ሲል ሌሎቹ ሠልጣኞች ወንበር እየጎተቱ መጥተው ከበቧቸው።

ሊማሊሞ ላይ አሮጌው መንገድ እየተጠማዘዘ ወደ አዲ አርቃይ ሲወርድ አንዱን ጅረት ሁለት ቦታ በድልድይ ይሻገረዋል፤ እዚያ አካባቢ ስልክ አይሠራም። ረውዳ ድልድዩ ጋ ስትደርስ ማንም አልነበረም። ሲመጣ እንዲያይላት ብላ ጭራሮ ለቀመች፤ ከቀጭኑ ጀመረች፤ አልቸኮለችም። እሳቱ በአንድ ክብሪት ያዘላት። ከሩቅ እንዲታይ ደግሞ ያስተማራትን አልረሳችም፤ እርጥብ ሣር ጨመረችበትና ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ።

ጠበቀችው። ኮቴ በሰማች ቁጥር ሻሿን እያስተካከለች ጠበቀችው። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ እሳቱን አፈር አልብሳ ወደ ደባርቅ የሚወጣ መኪና ላይ ተሳፈረች። ጉም መንገዱን ውጦት ከመስኮቱ ውጭ ምንም አይታይም ነበር፤ ቢታይም አንገቷን አላቀናችም። ክፍሏ ገብታ እራት እንኳን አልወጣችም። በማግስቱ ሁሉንም ቀድማ ወደ ጎንደር ተመለሰች፤ እሁድ አባቷ ሲጠይቋት እንደፈለጉ አለቻቸው።

ባሏ ክፉ ሰው አይደለም። እንዲያውም በእሱ ላይ ማዘን የማይቻል ደግ ሰው ነው፤ እሷን የከበዳትም ይኸው ነው። አራዳ ውስጥ ሱቅ ከፈቱ፤ ሴት ልጅ ወለዱ። ዓመታት አለፉ። ስልኳም አልጮኸም፤ እሷም አልደወለች።

አንድ ጠዋት ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ሳሙና ስትደረድር ከኋላዋ ድምፅ ሰማች።

«አሰላሙ አለይኩም። ክብሪት በፓኬት አለ?»

ሳትዞር አወቀችው። ሳሙናውን አስቀምጣ፣ እጇን ጠርጋ፣ ከዚያ ነው የዞረችው። ኡዘይር ከስቷል፤ ጺሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል። እሱም ቤቱ የእሷ መሆኑን አላወቀም ነበርና በሩ ላይ ቀረ።

«ወአለይኩሙ ሰላም» አለች። «ዛሬም ታሠለጥናለህ?»

«ዛሬም። ኮሶዬ ነን።»

ፓኬቱን አወረደችለት። አልሰጠችውም፤ በሁለት እጇ ያዘችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ቀን ለምን ቀረህ?»

«እኔ?» ግራ ተጋብቶ አያት። «የቀረሽውማ አንቺ ነሽ፤ እስኪጨልም ጠብቄሽ ነበር እኮ። ላይኛው ድልድይ።»

«ላይኛው ድልድይ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

መንገድ ላይ ባጃጅ ጮኾ አለፈ። ኡዘይር የሆነ ነገር እየገባው ሲሄድ ፊቱ ላይ አየችው፤ እሷም በዚያው ቅጽበት ገባት።

«የትኛው ላይ?» አለ በዝግታ።

«ያንተው። የካርታው። ወደ አዲ አርቃይ ያለው። አንተ አይደለህም ያስተማርከኝ?»

«እኔ ደግሞ ያንቺን ነው የያዝኩት፤ ደባርቅ አጠገብ ዳገቱ ላይ ያለውን። በጣቴ አልሄድም ብለሽኝ ስለነበር።»

ያን ቀን ቢሆን ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። አሁን አልሳቁም። እያንዳንዳቸው ለሌላው ብለው የራሳቸውን ትተው ነበር፤ በዚያው ተላለፉ።

«ወደ አመሻሹ ከታች ጭስ አይቼ ነበር» አለ ኡዘይር መሬት መሬት እያየ። «ወርጄ ልየው ብዬ ነበር። በመሀል ብትመጪስ ብዬ ተውኩት። ከሰል የሚያከስሉ ሰዎች መሰሉኝ።»

«በአንድ ክብሪት ነበር ያነደድኩት» አለች ረውዳ።

ፓኬቱን ዘረጋችለት። ተቀበላት፤ ጣቶቻቸው አልተነካኩም። በሩ ላይ ደርሶ ዞር ያለ መሰላት፤ ዞር ብሎም ከሆነ የምታየው በእንባ ስለነበር አላረጋገጠችም።

ብዙም ሳይቆይ ባሏ ደንበኛ አስከትሎ ገባ።

«ረውዳ፣ ያቺን ቀይ ብርድ ልብስ ከላይ አውርጂልኝ።»

«ከየትኛው ላይ?» አለች ሳታስበው።

ባሏ ሳቀ። «ላይ ደግሞ ስንት ነው?»

ረውዳ መሰላሉን መደርደሪያው ላይ አስደገፈች።

«አንድ ነው» አለችና ወጣች።