ያልዘፈነችው ዘፈን

ፀጉር አስተካካዩ የደንበኛውን ማጅራት እየላጨ ሳለ ሬዲዮው ላይ እሷ ዘፈነች።

እጁ ባለበት ቀረ። «አትፈልገኝ» ብላው ድምጥማጧ የጠፋው ዘፋኝ ነበረች። መጀመሪያ የተገናኙት ዝናብ ሸሽታ ሱቁ ደጃፍ ስትጠለል ነው። ዝናቡ ቢያባራም ወሬያቸው አላባራ ብሎ አመሸች። ከዚያ ወዲያ እሷ ሆቴል ውስጥ በዘፈነች ቁጥር እሱ ከፊት ወንበር አይጠፋም ነበር። ከሄደች በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ሲያወራ ይውልና ቤቱ ሲገባ «እንዴት ዋልክ?» የሚለው ሰው አጣ።

አሁን «ተመለስ፣ ብቻዬን ነኝ» እያለች ትዘፍናለች። ከመጨረሻው ቃል በፊት ትንፋሿን ሳብ የምታደርጋት እንኳ አልቀረችም።

«ኧረ ወንድሜ፣ ግማሹን ላጭተህ ልትተወኝ ነው?» አለ ደንበኛው።

ጨረሰለት፤ እንዴት እንደጨረሰለት ግን ፈጣሪ ይወቅ። ሱቁን ዘግቶ ወደ ታላቅ እህቷ ቤት ገሰገሰ።

እህትየዋ እስከዛሬ «የለችም» እያለች ስትመልሰው ነው የኖረችው። «ዛሬ ደግሞ ምን እግር ጣለህ?» አለችው።

«ራሷ ጠርታኝ ነው።»

ከጀርባዋ ዘፋኟ ብቅ አለች። አንገቷን በሻሽ ጠምጥማለች።

«ዘፈኑን ሰምተህ ነው?» ድምፅዋ ሻካራ ሹክሹክታ ነበር።

«ጉንፋን ይዞሽ ነው?»

«እንቅርቴን ሲያወጡልኝ የድምፄ ነርቭ ተነካ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነኝ።»

«ታዲያ ዘፈኑስ?»

«እኔ አይደለሁም። አብሮኝ ይሠራ የነበረው ኪቦርድ ተጫዋች የድሮ ቅጂዎቼን ለኮምፒውተር ሰጥቶ ያሠራው ነው። አላማከረኝም። እኔ ራሴ ‹መቼ ነው የዘፈንኩት?› ብዬ ተደናገርኩ። እማዬማ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ‹ልጄ ዳነችልኝ› እያለች አለቀሰች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ።»

«እና... አልጠራሽኝም?»

«አልጠራሁህም።»

«ያኔስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«የወደድከው ድምፄን ነዋ!»

«አይደለም» ሊል አፉን ከፈተ። ቃሉ ቶሎ አልወጣለትም። ያቺ መዘግየት በቃቻት፤ አቀርቅራ ወደ ውስጥ ገባች።

ቤቱ ሄዶ አልጋው ላይ ጋደም አለና ዘፈኑን በስልኩ ከፈተው። ድምፅዋ ክፍሉን ሞላው፤ ክፍሉ ግን ጭራሽ ባዶ ሆነበት። «ተመለስ» የምትለው ድምፅ ማንን እንደምትጠራ አታውቅም። ለባለታክሲውም፣ ለጎረቤቱም፣ ለእሱም ያው ናት። እሱን የናፈቀችው ቀልዱን ሳይጨርስ የምትስቀው፣ ሸሚዙን አይታ «ይሄን ደግሞ ከየት አመጣኸው?» የምትለው ናት።

በማግስቱ ተመልሶ ሄደ። አልወጣችለትም፤ በተዘጋው በር አናገራት።

«ትናንት ደንግጬ ነው ዝም ያልኩት። ድምፅሽን እወደው ነበር፤ አልዋሽሽም፣ ይናፍቀኛልም። ቤቴ ስገባ የማጣው ግን ዘፈን አይደለም። የሚቆጣኝ ሰው ነው።»

በሩ አልተከፈተም። ደጋግሞ ተመላለሰ። እህትየዋ እንኳ አንጀቷ ተላውሶ፣ «እንዲህ ከሆነማ ደጃፉን እየጠረግክ ጠብቅ» ብላ ቀለደችበት።

አንድ አመሻሽ ላይ የወዳደቀውን ፀጉር እየጠረገ ሳለ ሻሽዋን እንደጠመጠመች ሱቁ መጣች። ሬዲዮው ያንኑ ዘፈን ይዟል። ሊያጠፋው ተንደረደረ።

«ተወው» አለች። «ታምራለች።»

ስለ ሌላ ሴት እንደምታወራ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ሲንጠባጠብ አልጠረገችውም። ሲያልቅ ራሷ በጭንቅላቷ ምልክት ሰጠችው፤ አጠፋው።

አንድ ነገር ተናገረች። የመንገዱ የመኪና ጩኸት ዋጠው።

«ምን አልሽ?» ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ ከንፈሯ አስጠጋ።

«በሩን ዝጋው፤ በረደኝ።»

ዘጋውና አጠገቧ ተቀመጠ።