የጌዲዮን ስልክ ምን እያለ ጠራ?

ጌዲዮን ሞቶ የተገኘው ደረጃው ስር ነው። ሲቀላ ሰፈር፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ ሥራ ፈላጊ ቀጣሪን በስልክ እንዴት እንደሚያናግር የሚያስተምርባት ክፍል ፎቅ ላይ ናት። ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ ስትመጣ እታች በግንባሩ ተደፍቷል። ሰፈሩ «አዳልጦት ነው» ብሎ ጨረሰ። ሰፈር መቼም ለምርመራ አይከፈለውም፣ ቶሎ ይጨርሳል።

ኢንስፔክተር ሻሺቱ ግን ሙዟን እየላጠች ጎንበስ አለች። የተፈነከተው ማጅራቱ ነው። በግንባሩ የወደቀን ሰው ማጅራቱን ማን መታው? ስልኩም የለም። ጌዲዮን ደግሞ ሽንት ቤት እንኳን ያለ ስልክ አይገባም።

ረፋዱ ላይ ቲጂ ታሰረች። ከተመረቀች ጀምሮ ሥራ ስትፈልግ የኖረች፣ አፏ የማያርፍ ልጅ ናት። ትናንት ከሰዓት ክፍል ውስጥ ከጌዲዮን ጋር ስትጣላ ሁሉም አይቷል።

«ምን ብለሽው ነው?» አለች ሻሺቱ።

«እውነቱን ነዋ! ‹ቀጣሪ ሲደውል ዘፈን አይስማ፣ የጥሪ ማሳመሪያችሁን አጥፉ› ይለናል። ለራሱ ሲደወል ግን የሰርግ ዘፈን! ‹ቲቸር፣ ላንተ ስንደውል እልል ልንል እኮ ነው› አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።»

«ከዛስ?»

«ፊቱ በርበሬ መሰለ። እዛው ፊታችን ዘፈኑን አጠፋው። ‹ውጪ!› አለኝ፣ ወጣሁ። እትዬ፣ በናትዎ ስልኬን ይስጡኝ። ዛሬ ካመለከትኩበት ሎጅ ሊደውሉልኝ ነው። ካላነሳሁ ሥራውን ለሌላ ይሰጡታል!»

«የተጠርጣሪ ስልክ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚውለው።»

ቀጥሎ ዳግም የሚባል ልጅ ገባ። ባጃጅ ይነዳል፣ ክፍሉ ውስጥም ይማራል፣ ጌዲዮንን ወደ ቤቱ የሚያደርሰውም እሱ ነው።

«ትናንት አደረስከው?»

«ኧረ አላነሳም። ሊመሻሽ ሲል ደወልኩ፣ ጢጥ ጢጥ እያለ ጠራ ብቻ። ትቼው ሄድኩ።»

«ቲጂ ምንህ ናት?»

«ምኔም አይደለችም።» ጆሮው ቀላ። «በነጻ ነው የምጭናት እንጂ።»

ሻሺቱ ዕድሜዋን ሙሉ በነጻ የሚጭን ባጃጅ አላየችም። ጠረጠረችው።

መጨረሻ ላይ በዛብህ መጣ፣ ጥቁር ኮት ለብሶ፣ መሐረብ ይዞ። የጌዲዮን ሸሪክ ነው። ተማሪዎቹ ሲም ስለሚቀያይሩ ማመልከቻ ላይ የሚጽፉት የቢሮውን ቁጥር ነው። ቀጣሪ ሲደውል የሚያነሳው በዛብህ ነው።

«ትናንት ከጠዋት ጀምሮ ካምባ ድረስ ሄጄ ለቅሶ ላይ ነበርኩ፣ ዛሬ ነው የገባሁት። ወይኔ ወንድሜን!»

«አልደወሉለትም?»

«እንዴት አልደውልም! ማታ ደጋግሜ ደወልኩ። ያ ዘፈኑ ይዘፍናል፣ ይዘፍናል፣ እሱ አያነሳም።»

«እስቲ ስልክዎን።»

«የደወልኩትን ሁሌ አጠፋለሁ፣ ይሞላብኛል።»

ያኔ መሳቢያው ጮኸ፤ የቲጂ ስልክ ነው። ሻሺቱ ኮሪደር ይዛው ወጣች።

«ክብሩ ነኝ፣ ከሎጁ። ቲጂን ነበር።»

«ኢንስፔክተር ሻሺቱ ነኝ። ለምስክርነት እኛ ጋ ናት።»

«ታዲያ አላገባችም?»

«ማንን?»

«እኔ ምን አውቄ! በፊት ቢሮ ስደውል በዛብህ ‹አግብታ ሄዳለች፣ የእህቴን ልጅ ልላክልህ› አለኝ። ትናንት ከሰዓት ጌዲዮንን ስጠይቀው ‹ውሸት ነው!› ብሎ ተናደደ፣ ይሄን ቁጥር ሰጠኝ፣ ዛሬ እንደምደውል በመልእክት ነገርኳት። እስከ ምሳ እጠብቃታለሁ፣ ከዛ በላይ አልችልም።»

ሻሺቱ ሦስቱንም ፎቅ ላይ፣ ጌዲዮን የሚያስተምርባት ክፍል ሰበሰበች።

«ዳግም፣ ስትደውል ምን ሰማህ?»

«ጢጥ ጢጥ።»

«አቶ በዛብህስ?»

«ዘፈኑን አልኩ እኮ።»

«እስቲ ዝፈኑት።»

«በለቅሶ?»

«ትንሽ።»

በዛብህ አፉን በመሐረብ ሸፈን አድርጎ የሙሽራ ዘፈን አንጎራጎረ። ቲጂ በካቴና ታስራም ሳቅ አመለጣት። ሳቋ ወዲያው ቆመ፤ ነገሩ ገብቷታል።

«ዘፈኑን ጌዲዮን ትናንት ከሰዓት አጥፍቶታል» አለች ሻሺቱ። «ይቺ ልጅ ስላሾፈችበት፣ በተማሪ ሁሉ ፊት። ከዛ ወዲህ የደወለ የሚሰማው ዳግም የሰማውን ነው። እርስዎ ክፍል ስላልነበሩ አላወቁም። ስለዚህ ማታ አልደወሉም። ለምን ይደውላሉ? የሚያነሳ እንደሌለ ያውቃሉ። ግን ሩቅ ነበርኩ ለማለት ደወልኩ ማለት ነበረብዎት።»

«ረሳሁት... ሌላ ቀን ይሆናል...»

«የልጆቹን ሥራ ለዘመድ ሲያዞሩ ጌዲዮን ደረሰበት። ደውሎ ጠራዎት። ስልኩም የጠፋው ለዛ ነው፣ የመጨረሻ የደወለው ለእርስዎ ነዋ። ካምባ መቼ ሄደው መቼ እንደተመለሱ ሹፌሮቹ ይነግሩኛል።»

በዛብህ የተማሪ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። «‹ነገ ለሁሉም እናገራለሁ› አለኝ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲወርድ...»

«በምን?»

የበዛብህ ዓይን የበሩን ብረት መወርወሪያ አየ። ሻሺቱ መወርወሪያውን በመሐረቡ ጠቅልላ ያዘችው።

የቲጂ ስልክ እንደገና ጮኸ። ሻሺቱ ካቴናዋን ፈትታ ስልኩን ሰጠቻት። ልጅቷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች፣ ድምጿ ቀጥ ብሏል።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ቲጂ ዳልጮ ነኝ። ማን ልበል?... አዎ አቶ ክብሩ። ነገ ጠዋት እገኛለሁ፣ አመሰግናለሁ።»

«ጎበዝ» አለ ክብሩ። «ስልክ ማናገር ማን አስተማረሽ?»

ቲጂ ደረጃውን ቁልቁል አየች።

«ቲቸር ጌዲዮን» አለች። «እሱም አንድ ነገር ከኔ ተምሯል።»